የውስጥ መክፈቻ

ሟቹ ከበሩ ጎን ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ጉልበቱን አቅፎ አገጩን ጉልበቱ ላይ አሳርፏል፤ አውቶቡስ የዘገየበት ሰው ነው የሚመስለው። የለበሰው ሸሚዝና ሱሪ ብቻ ነው። ቀበቶው ወልቆ እግሩ አጠገብ ወድቋል። ከኋላው የዶሮና የዓሣ ካርቶን እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ ከላይ ሁለት ማራገቢያዎች ያለማቋረጥ ይጮሃሉ።

በፖሊስነት ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ። በረዶ ቤት ውስጥ አስከሬን ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ብርድ ደግሞ አልወድም። ቶሎ ጨርሼ ለመውጣት ቸኩዬ ነበር፤ ይህን ሳልደብቅ ብናገር ይሻላል።

«ከብርዱ ሌላ የነካው ነገር የለም» አለኝ ሐኪሙ። «ትናንት አመሻሽ ላይ ገብቶ ሌሊቱን ነው የሞተው።»

«ቀበቶውስ?»

«በብርድ የሚሞት ሰው መጨረሻ ላይ የሚሞቀው ይመስለዋል። ልብሱን ማውለቅ ይጀምራል። የተለመደ ነው።»

ማስታወሻዬ ላይ «ቀበቶ፤ የተለመደ» ብዬ ጻፍኩ።

በሩ ስንዝር የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ነጭ ቀለም የተቀባ ብረት ነው። ከለቀቁት በራሱ ክብደት ይዘጋል። ከውጭ በቁልፍ ይቆለፋል። ከውስጥ በኩል አንድ የብረት ሰሌዳ ተገጥሞበታል፤ ሰሌዳው ላይ በመዳፍ የሚገፋ ቀይ መክፈቻ አለ። ሳጅኔ ከውጭ ቆለፈ፣ እኔ ከውስጥ ገፋሁ፤ በሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። አሻራ ይኖርበት እንደሆነ ያሰብኩት ከገፋሁት በኋላ ነው።

«ከውጭ ቢቆለፍም ከውስጥ ይከፈታል» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። «ሰው ውስጥ እንዳይቀር ተብሎ የተሠራ ነው።»

«ታዲያ ይሄ ሰው ለምን አልወጣም?»

ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። እዚያ ካርቶን የተጫነ የእጅ ጋሪ ቆሞ አየሁ። ጠዋት በሩ ሲከፈት ጋሪው በሩን ተጠግቶ እንደነበረና እሱን ገፍቶ እንደከፈተው ዘበኛው ራሱ ነገረኝ። እንግዲያው አንድ ሰው ከውጭ በጋሪ አግዶበታል ማለት ነው። ያንን ጋሪ ማታ ማታ እዚያ የሚያቆመው ደግሞ ማን ነው? ዘበኛው።

ጣቢያ ወሰድነው።

*

ዘበኛውን ሠራተኛው ሁሉ «ጋሽ አይተኙ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ሟቹ ነው።

«ከሟች ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አልኩት።

«ተኳርፈን ነበር። ሦስት ሳምንታችን ነው።»

«በምን?»

«ባለፈው ወር ካርቶን የጠፋ ጊዜ፣ ዘበኛው ተኝቶ ነው የተሰረቀው ብሎ አመለከተብኝ። በዚያ አላበቃም፤ አይተኙ አለኝ። ወጣቱ ሁሉ ተቀበለው። በስድሳ ሦስት ዓመቴ አዲስ ስም ወጣልኝ።»

«ይተኛሉ?»

«የማይተኛ ማን አለ፣ ልጄ? ግን ቆልፌ ነው የምተኛው።»

«በሩን ሲቆልፉ ውስጡን አያዩም?»

«መስቀያውን ነው የማየው። ኮሪደሩ ላይ አንድ መስቀያ አለ፤ የሚሰቀልበትም አንድ ካፖርት ነው። እዚያ በረዶ ውስጥ የሚገባ ሰው ካፖርቱን ይለብሳል። ካፖርቱ ከሌለ ሰው ውስጥ አለ ማለት ነው፤ አልቆልፍም። ካለ ሰው የለም። ከኔ በፊት የነበረው ዘበኛ እንዲህ ነው ያሳየኝ። አስራ አንድ ዓመት ሠራሁበት።»

«ትናንት ካፖርቱ ነበር?»

«ነበር። አስራ አንድ ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል አየሁት፣ ቆለፍኩ፣ ጋሪውን አቆምኩ፣ ወደ ውጭው በር ሄድኩ።»

ካፖርቱን መስቀያው ላይ አግኝተነዋል። ቀን የሚለብሰው ሟቹ ስለሆነ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ከሚስቱ አስራ አንድ ጊዜ ተደውሎለታል። ሰው በሌለበት ኮሪደር ካፖርት አስራ አንድ ጊዜ ጮኸ።

«ካፖርቱን እርስዎ መልሰው ሰቅለውት ቢሆንስ?» አልኩት።



«ይሄን ያህል ክፉ ብሆን ኖሮ» አለኝ፣ «አይተኙ ብሎ የሚደፍረኝ ሰው ይገኝ ነበር?»

አባባሉ አሳቀኝ። አልለቀቅኩትም ግን።

*

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ ሁለተኛ ምክንያት አገኘሁ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ አውጥቶ አሳየኝ።

«ከሳምንት በፊት ነው የጻፉልን። የበረዶ ቤቱ በር ሴፍቲ አስግቷቸዋል። እንግዲህ ካርቶኑ ከጠፋ ወዲህ ነው።»

እንግሊዝኛዬ የሹፌር እንግሊዝኛ ነው። እንደገባው ሰው ራሴን ነቀነቅኩና «የበር ጥበቃ አስጊ ነው ተብሏል» ብዬ መዘገብኩ። ጥበቃው ከላላ ተጠያቂው ዘበኛ ነው፤ ከሥራ ሊባረር ይችላል፤ ያመለከተበት ደግሞ ሟቹ ነው። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ነገር ሲገጥምልኝ ደስ ይለኛል፣ ይህ የድሮ በሽታዬ ነው።

የሟቹ ሚስት እዚያው መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። ያን ዕለት በጊዜ ወጥታ ነበር። ባሏ ሳይገባ ሲያድር እናቱ ዘንድ ሄዶ ይሆናል ብላ ጠበቀች፤ ሲነጋ ሥራ ቦታው መጣች። ጋሽ አይተኙ በሩን ሲከፍት አጠገቡ ቆማ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጣቢያ መጣች። ጥቁር ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ያንን ሰውዬ እንዳትለቁብኝ» አለች።

«ገና ምርመራ ላይ ነን፣ እህቴ።»

«ምን ምርመራ አለው? እሱ ነው የቆለፈው። እሱ ነው ጋሪውን ያቆመው። በሕይወት እያለ አያናግረውም ነበር፤ ሲሞት ደግሞ አልሰማሁም ይላል። እርስዎ የሞተብዎት ሰው የለም?»

«አለ።»

«እንግዲያው አይልቀቁት።»

እሺ አልኳት። ኮማንደሩም በማግስቱ ቀትር ላይ ክሱን ጽፌ እንዳቀርብ አዞኝ ነበር። ክሱ ሰው መግደል ነው፤ ጋሽ አይተኙ ደግሞ በዚያ ዕድሜው ከገባ አይወጣም።

*

በማግስቱ ጠዋት ሳጅኔን ይዤ ተመለስኩ። የቀረኝ ነገር ጋሪው በሩን ማገዱን በዓይኔ ማየት ነበር። የመስቀያውን ካፖርት ከማስረጃ ዕቃው አውጥቼ ለበስኩ፤ ሌላ ካፖርት አልነበረም። ሳጅኔ ጋሪውን በዚያው ጭነት በሩ ላይ አስጠጋ፣ ከውጭ ቆለፈ።

መክፈቻውን ገፋሁ። በሩ ተከፈተ፣ ጋሪው ጎማ አለውና ተንከባልሎ ሄደ።

እንደገና አስጠጋው፤ እንደገና ሄደ። በሦስተኛው በአንድ እጄ ነው የከፈትኩት።

«ጌታዬ፣ ይሄ ጋሪ ድመትም አያግድም» አለ ሳጅኔ።

አጠገባችን የቆመውን መካኒክ ጠራሁት። ከሥራ አስኪያጁ ጀምሮ ሁሉም የሚያመሰግነው፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ዝምተኛ ሰው ነው።

«ሟቹ ካፖርት ሳይለብስ ለምን ገባ?» አልኩት።

«ሙቀት ለማንበብ ነዋ» አለኝ። «ማታ ማታ ቴርሞሜትሩን አይቶ ወረቀቱ ላይ ይጽፋል። ሁለት እርምጃ ነው። ለሁለት እርምጃ ማን ካፖርት ይለብሳል?»

ወረቀቱ በሩ አጠገብ ተንጠልጥሏል። መጨረሻው መስመር ላይ በሟቹ እጅ ጽሑፍ «11:30» የሚል አለ። እንግዲያው ጋሽ አይተኙ እውነቱን ነው። ካፖርቱ በእርግጥ መስቀያው ላይ ነበር፤ ሰውየውም በእርግጥ ውስጥ ነበር። ግን መክፈቻው ከሠራ ለምን አልወጣም የሚለው ጥያቄ ያው ነው።

«ዝጋብኝና አስር ደቂቃ ጠብቀህ ክፈት» አልኩት ሳጅኔን። ካቻቢቴ ከመካኒኩ ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩ። ለምን እንደወሰድኩት እኔም አላውቅም። መካኒኩ ግን ሲሰጠኝ እጁ ዘገየ፤ ያንን አይቻለሁ።

በሩ ተዘጋ። የማራገቢያው ጩኸት ብቻ ቀረ። ሟቹ በተቀመጠበት ተቀመጥኩ፣ ጉልበቴን አቀፍኩ፣ ቀና ብዬ በሩን አየሁ።

ቆሞ የማይታይ ነገር ተቀምጦ ይታያል። ከሰሌዳው የታችኛው ጠርዝ ሦስት ቀጫጭን ጭረቶች ወርደዋል። ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ያበራል። ተነስቼ በጣቴ ተከተልኳቸው። ጭረቶቹ ጠርዙ ጋ አይጀምሩም፤ ከሰሌዳው ስር ነው የሚመጡት።

ከዚያ ብሎኖቹን አየሁ። የበሩ ማጠፊያ ብሎኖች በወፍራም አመዳይ ተሸፍነዋል። የሰሌዳው አራት ብሎኖች ላይ ግን በመስታወት ላይ እንደሚያርፍ እስትንፋስ ስስ የሆነ ነው ያለው። ካቻቢቴውን አወጣሁና ፈታኋቸው። በቀላሉ ተፈቱ። ሰሌዳው ከነመክፈቻው እጄ ላይ ቀረ።

ስሩ የነበረው የበሩ ብረት በጭረት ተሞልቷል። በመክፈቻው ቀዳዳ ዙሪያ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንዳንዱ ጥልቅ፣ አንዳንዱ እጅ እንደደከመው እየሳሳ የሄደ። ያን ጊዜ ቀበቶው ትዝ አለኝ። የተለመደ ያልኩት ቀበቶ። ሰውየው ሞቆት አይደለም ያወለቀው፤ በዘለበቱ በሩን ሊቆፍር ነው።

ይህ ሰሌዳ ያን ሌሊት በሩ ላይ አልነበረም።

ልጮህ ወደ በሩ ዞርኩ። እጄን ወደ መክፈቻው ሰደድኩ። መክፈቻው በሌላው እጄ ነው።

ሳቅኩ፤ መጀመሪያ። ቀጥዬ በሩን በመዳፌ መታሁ። ቀጥዬ በጡጫ። «ሳጅን» አልኩ፣ ድምፄ ከማራገቢያው በታች ነው። ከስንዝር ብረት ማዶ የቆመ ሰው አይሰማኝም። ሰዓቴን አየሁ፤ ከአስሩ ደቂቃ አራቱ ብቻ ናቸው ያለፉት። ስድስት ደቂቃ ምንም አይደለም፣ ካፖርት ለብሻለሁ፣ የሚከፍትልኝ ሰው አለ። ይህን ሁሉ ለራሴ ነገርኩት። እንዲያም ሆኖ ፈራሁ። ያ ሰው ስንት ሰዓት እንደመታ፣ ስንት ሰዓት ዘበኛውን በስሙም በቅጽሉም እንደጠራ ማን ያውቃል?

ሳጅኔ ሲከፍት ሰሌዳውን እንደያዝኩ ወጣሁ።

«አስከሬኑ ከተገኘ እኛ እስክንመጣ ድረስ ውስጥ ማን ነበር?» አልኩት።

ደብተሩን ገለጠ። «ሚስትየዋን ወደ ውጭ ወስደዋታል። ዘበኛው ስልክ ሊደውል ሮጧል። አስከሬኑ ብቻውን አይሁን ብሎ የቆየው መካኒኩ ነው፣ ጌታዬ። ሁሉም አመስግነውታል እኮ።»

ቀና ስንል መካኒኩ ጋሪው ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል።

*

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብኝ» አለ መካኒኩ። «ሞቶ ሳየው ነው የገባኝ። ሰሌዳው መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ነበር። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም።»

«መቼ ነው የፈታኸው?»

«ከትናንት ወዲያ ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ለሱ ነገ እነግረዋለሁ ብዬ ወጣሁ። እሱ ደግሞ መክፈቻው ያለ መስሎት በሩን ከኋላው ለቀቀው።»

«ለምን ፈታኸው?»

«ታዝዤ ነው።»

ከሳጥኑ ስር የታጠፈ ወረቀት አወጣ። በአማርኛ የተተየበ፣ ሥራ አስኪያጁ የፈረመበት። «የበረዶ ቤቱ በር ጥበቃ አስጊ ሆኗል። በውስጥ መክፈቻው በኩል አስፈላጊው በአስቸኳይ ይደረግ።»

«ሌባ ቀን ገብቶ ካርቶን መሃል ተደብቆ፣ ሁሉም ሲሄድ ከውስጥ ከፍቶ ይወጣል ማለታቸው ነው ብዬ አሰብኩ» አለ። «ጥበቃ አጠናክር ከተባልኩ ሌላ ምን ላድርግ?»

«ዘበኛው ስላንተ ሲታሰርስ?»

«ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ እያልኩ ነበር» አለና አለቀሰ።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሳያነብ እንደፈረመ አመነ። ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ደወልኩ። ደብዳቤውን የጻፈው ሰው አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገር ነው።

«መክፈቻው በረዶ ይዞት ጠንክሮ አገኘሁት» አለኝ። «ሰው ቢቀርበት ይሞታል፣ አስተካክሉት ብዬ ነው የጻፍኩት።»

«ጥበቃ አጠናክሩ አላሉም?»

«እሱ ሴኪዩሪቲ ነው። እኔ ያልኩት ሴፍቲ ነው። ሴኪዩሪቲ ዕቃው እንዳይወጣ ነው፤ ሴፍቲ ሰውየው እንዲወጣ ነው። ምነው፣ አልተስተካከለም እንዴ?»

ስልኩን ዘጋሁ። ወረቀቱን ገለበጥኩት። ግርጌው ላይ እንደማንኛውም የቢሮ ወረቀት የተረጎመው ሰው ፊርማ አለ። የጸሐፊዋ ነው፤ የሟቹ ሚስት።

*

ላልነግራት አሰብኩ። እውነቴን ነው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል እንዴት አድርጌ እንደምተወው ሳወጣና ሳወርድ ቆየሁ። መካኒኩን ብቻ ብከስ ወረቀቱን አውጥቶ ራሱን ይከላከላል። ወረቀቱን ብደብቀው ሰው አስሬ ሰው ማዳኔ ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ ግን የማገባውም አጣሁ።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ ሳለሁ ራሷ መጣች። ዘበኛው ተከሰሰ ወይ ብላ ልትጠይቅ ጣቢያ ሄዳ ወደዚህ ልከዋት ነው።

«ተቀመጪ፣ እህቴ» አልኳት። እንግሊዝኛውን ደብዳቤ ፊቷ አስቀመጥኩ። «እስቲ ይህን አንብቢልኝ።»

«ይሄን እኮ ተርጉሜዋለሁ።»

«እንደገና አንብቢልኝ።»

አነበበች። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ ቀስ እያለች። አንድ ቃል ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ቃሉን ታውቀዋለች፤ ከኔ የተሻለ ታውቀዋለች። ዓይኗ ወደ ላይኛው መስመር ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ፣ ሌላ ቃል ሊሆን ይችል እንደሆነ የምትፈልግ ይመስል።

«ሴፍቲ ነው የሚለው» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«እኔ ጥበቃ ብዬ ነው የጻፍኩት።»

ሥራ አስኪያጁ የፈረመበትን የአማርኛውን ወረቀት ከደብዳቤው አጠገብ አስቀመጥኩላት።

«ይህን ስተረጉም እሱ የቢሮዬ በር ላይ ቆሞ ነበር» አለች። «እንሂድ እንጂ፣ እንሂድ እንጂ ይለኛል። ቆይ አንድ ወረቀት ልጨርስ አልኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብሎ ሳቀብኝ። ያቺ ወረቀት ይቺ ናት።»

ማስታወሻዬን ከፍቼ የመጀመሪያውን ቀን ገጽ አሳየኋት። «የበር ጥበቃ አስጊ ነው» የሚለውን የራሴን ጽሑፍ።

«እኔም እንዲሁ ነው የተረዳሁት» አልኳት። «በዚህ ነው ሰው ያሰርኩት።»

አየችው። «እርስዎ አስረው ይፈታሉ» አለችኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያው የሆነውን ነው የተናገረችው። ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች። «ሽማግሌውን ልቀቋቸው። ሪፖርቱ ላይም እኔን ይጻፉኝ። እንዳይተዉኝ።»

ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ልትታጠብ መስሎኝ ነበር።

*

ጋሽ አይተኙን ከጣቢያ ያመጣው ሳጅኔ ነው። እኔ ቢሮ ውስጥ የመፍቻውን ወረቀት ስፈርም ሽማግሌው ዱላውንና ራዲዮኑን ሊወስድ በኮሪደሩ አለፈ። ወዲያው ድምፁን ሰማሁ።

«ካፖርቱ የለም። ማነው ውስጥ ያለው?»

ማንም የለም ብዬ ልመልስለት አፌን ስከፍት ነገሩ ገባኝ። ካፖርቱን አውልቄ መስቀያው ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ሰሌዳውን ከነመክፈቻው ለማስረጃ ከረጢት ውስጥ የከተትኩትም እኔ ነኝ። በሩ ከውስጥ እንደማይከፈት ደግሞ በዚያ ሕንጻ ውስጥ ከርሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ስደርስ ሽማግሌው በሩን ከፍቶ ውስጥ ገብቷል። ዱላው መሬት ወድቋል። እሷ ከበሩ ጎን ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች፤ ካፖርቱ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሸፍኗታል። ከንፈሯ ጠቁሯል።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ፣ ልጄ?» አላት።

«እሱ የቆየውን ያህል ልቆይ ብዬ ነው።»

«ያህሉን ማን ያውቀዋል? ነይ።»

«እኔ ነኝ የገደልኩት፣ አባባ። እርስዎን ያሳሰርኩትም እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ጎንበስ አለ። ብብቷ ስር እጁን አግብቶ አነሳት፣ እየደገፈ ኮሪደሩ ላይ አውጥቶ ጋሪው ላይ አስቀመጣት። እጆቿን በእጆቹ መሃል ይዞ አሻቸው።

«መስቀያውን እንዴት አዩት?» አልኩት። የማይረባ ጥያቄ ነበር፣ ሌላ የምለው አጥቼ ነው።

«ሌላ ምን የማየው አለኝ?» አለኝ።

ትንሽ ከሞቃት በኋላ ካፖርቱን ከትከሻዋ አንስቶ ቦታው ላይ ሰቀለው። አስራ አንድ ዓመት እንዳደረገው ካፖርቱን አየ፣ ወደ በሩ ሄደ፣ ቁልፉን ከሳጅኔ ተቀበለ። እጁ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቆመ። ከዚያ በሩን መልሶ ከፈተውና ሳጅኔን እንዲይዝለት አድርጎ ገባ። ካርቶኑን በግራ ዞረ፣ በቀኝ ዞረ፣ ጎንበስ ብሎ ከመደርደሪያው ስር አየ፣ ሟቹ የተቀመጠበትን ቦታ በእጁ ዳሰሰ። ወጥቶም ወዲያው አልዘጋም፤ ጆሮውን ወደ ውስጥ አድርጎ ጠበቀ።

«ማንም የለም» አለ፣ እና ቆለፈ።